የቢላ ማጠንከሪያ ኦቨን ከመግዛትህ በፊት

የመጀመሪያዋ «ተሳካች» ያልኳት ቢላዬ ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት ነበር። በዓል ነው፣ በግ ታርዷል፣ እኔም በገዛ እጄ የሠራኋትን ቢላ ይዤ ልጎርር ተቀምጫለሁ። ቅልጥሙ ጋ ስደርስ ትንሽ ጠምዘዝ አደረግኳት። ቀጭ አለች። ከስለቷ የጥፍር ያህል ቁራጭ ተፈናጥሮ የሥጋው ሳህን ውስጥ ገባ፤ እናቴ ቁራጩ ካልተገኘ ማንም አይነካም ብላ ሥጋውን በሙሉ አስፈተሸችን።

ማታ ስብራቱን ወደ አምፖል አስጠግቼ አየሁት። እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ይሄ ምልክት ነው። ብረት ከልኩ በላይ ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ያድጋሉ፣ ከዚያ ሲሰበር ስኳር ይመስላል። በልኩ የሞቀ ብረት ብትሰብረው ስብራቱ ግራጫ ነው፣ ልስልስ ያለ፣ እንደ ጤፍ ዱቄት።

ያኔ የማሞቀው በጋዝ ምድጃ ነበር፣ ልኩን ደግሞ በዓይኔ። ብረቱ ሲቀላ ማግኔት አስጠጋለሁ፣ ማግኔቱ መያዝ ሲያቆም ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው፣ ከዚያ «ትንሽ» እጨምራለሁ። ችግሩ ያ «ትንሽ» ነው። ቀን በፀሐይ ያየኸው ቅላትና ማታ በጨለማ ያየኸው ቅላት አንድ አይደለም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንግባባ። ኦቨን ስትገዛ ገንዘብህን የምታወጣው ለሙቀት አይደለም። ሙቀትማ በከሰልና በወናፍም ይገኛል፣ ቀጥቃጮቻችን ስንት ዘመን ኖረውበታል። የምትከፍለው 815 ስትለው 815 ላይ ቆሞ ለሚጠብቅህ ዕቃ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይነሳል።

መጀመሪያ፦ እውነት ያስፈልግሃል?

እስካሁን የሠራኸው አምስትና ስድስት ቢላ ከሆነ፣ የምትጠቀመውም እንደ 1084 ያለ ቀላል የካርቦን ስቲል ከሆነ፣ ቆይ። 1084 ስህተት ይችላል፣ በጋዝ ምድጃና በማግኔት ደህና ቢላ ይወጣዋል። እኔ የተቃጠልኩት በትዕግስት ማጣት ነው እንጂ ብረቱ አልበደለኝም።

አሜሪካ ላለህ ሌላም መንገድ አለ። ቢላህን ቀርጸህ፣ ቀዳዳውን በስተህ፣ ለማጠንከር ብቻ መላክ ትችላለህ። ፔንሲልቬንያ፣ ሚድቪል ከተማ ያለው ፒተርስ ሂት ትሪቲንግ ለምሳሌ ቢላ ሰሪዎች በደንብ የሚያውቁት ድርጅት ነው። በዓመት አሥር ቢላ የሚሠራ ሰው ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ቢያሰላ ኦቨኑ ለብዙ ዓመት ላያዋጣው ይችላል።

ኦቨን ግድ የሚሆነው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ፣ የማይዝግ ስቲል መሥራት ስትፈልግ። ሁለተኛው፣ አንድ ዓይነት ቢላ ደጋግመህ ሠርተህ አሥረኛው ልክ እንደ አንደኛው እንዲሆን ስትፈልግ።

ብረትህን ወስን፣ ኦቨኑ ይከተላል

ብዙ ሰው ኦቨኑን ይገዛና ከዚያ ብረት ይመርጣል። ገልብጠው።

1084 የሚፈልገው ወደ 815 ሴንቲግሬድ ነው፣ በፋራናይት 1500። ስሙ ራሱ ይነግርሃል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ካርቦኑ 0.84 በመቶ አካባቢ ነው እያሉህ ነው። 5160 ወደ 830 ይጠጋል። ኦ-1 የሚባለው 800 አካባቢ ይበቃዋል፣ ግን እዚያው ላይ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት። በጋዝ ምድጃ አሥራ አምስት ደቂቃ አንድ ልክ ላይ ማቆየት… ሞክረው እስቲ።

የማይዝጉት ሌላ ዓለም ናቸው። ኤኢቢ-ኤል ከ1065 እስከ 1080 ድረስ ይፈልጋል። ማግናከት ወደ 1120 ይወጣል። ስለዚህ «ለጊዜው 1084 ነው፣ ወደፊት ግን ማግናከት» ብለህ ካሰብክ ኦቨኑ ቢያንስ እስከ 1200 የሚደርስ መሆኑን ከወዲሁ እይ። 1000 ላይ የሚያቆም ርካሽ ኦቨን ገዝተህ በዓመቱ መሸጥ ኪሳራ ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደህ የመኪና ባሌስትራ የምትገዛ ከሆነ አንድ ነገር ልበልህ። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከ5160 ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ግን የትኛው እንደሆነ ማንም አልጻፈበትም። ከዚያው ባሌስትራ ሦስት አራት ትንንሽ ቁራጭ ቆርጠህ በተለያየ ሙቀት አጠንክርና ስበራቸው። ስብራቱ የጤፍ ዱቄት የመሰለው ያንተ ልክ ነው። ኦቨን ያለው ሰው ይሄን ማድረግ ይችላል፣ በዓይን የሚሠራ አይችልም።

ርዝመቱ

ቢላው ከነጭራው ነው የሚገባው። ጭራ የምለው እጀታው ውስጥ የሚቀረውን ብረት ነው። 25 ሳንቲም ስለት ያለው የወጥ ቤት ቢላ ከነጭራው 38 ሳንቲም ይሆናል። ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ሁሌም ቀዝቀዝ ይላል፣ አምስት ስድስት ሳንቲም ተውለት። ይሄው 44 ገባህ። ገበያ ላይ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲም ገደማ ጥልቀት ያለው ኦቨን የበዛው በከንቱ አይደለም።

14 ኢንቹ ርካሽ ነው፣ ግን ለትንንሽ ቢላ ብቻ ነው። ከ18 በላይ ስትሄድ ደግሞ መብራቱ ይጠይቅሃል። ጎራዴ እሠራለሁ ካላልክ 18 ይበቃል።

መብራቱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ሶኬት 120 ቮልት፣ 15 አምፒር ነው። ሲባዛ 1800 ዋት። ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ ግን ከብሬከሩ 80 በመቶ በላይ አትጫነው ይባላል፣ ስለዚህ በእጅህ ያለው 1440 ዋት ብቻ ነው። ትንሽ ኦቨን በዚህ ይሠራል፣ ግን 1100 ለመድረስ ያንገሸግሽሃል። እዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ወይ ፍሪጅ ካለ ደግሞ ብሬከሩ ቱክ እያለ ይወርዳል። ብዙ ሰሪዎች ለ120 ቮልት ኦቨን ብቻውን የሆነ 20 አምፒር መስመር የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

የሚሻለው 240 ቮልት ነው። የልብስ ማድረቂያ ካለህ መስመሩ ብዙ ጊዜ ባለ 240 ቮልት 30 አምፒር ነው። ሶኬቱ ከኦቨኑ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ እሱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይቀይርልህ፣ አንተ በፒንሳ አትነካካው። ማራዘሚያ ገመድም አይታሰብ። የተከራየህ ከሆነ አከራይህን አስቀድመህ ጠይቅ፣ በኋላ ከመነታረክ።

አብዛኛው አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ 230 ቮልት 16 አምፒር ሶኬት 3680 ዋት ይሰጣል።

አሁን ወደ አገር ቤት። «አሜሪካ ገዝቼ ለወንድሜ ልላክለት» የምትል ከሆነ አንብብ። የ120 ቮልቱን ኦቨን 220 ላይ ብትሰካው ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ነው የሚገባበት፣ ሬዚስታንሱ ሳይቀላ አይቀርም፣ ከዚያም ይበጠሳል። የ240 ቮልቱ ግን 220 ላይ ይሠራል፣ ኃይሉ 16 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ በቃ። ስለዚህ ለአገር ቤት ከሆነ የ240ውን ግዛ። መስመሩን በተመለከተ መለኪያህ ቤት ያለው የእንጀራ ምጣድ ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ምጣዱን ያለ ችግር የሚሸከም መስመር ባለ 3 ኪሎዋት ኦቨንን ይሸከማል። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ሲጋገር አንተ ሻይህን ጠጣ።

ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። እኔ የሚጠፋውን እመርጣለሁ፤ ቤት በሌለሁበት ራሱን አስነስቶ 1000 ዲግሪ የሚገባ ዕቃ አልፈልግም።

ኮንትሮለሩና ቴርሞካፕሉ

ገንዘብ ማውጣት ካለብህ እዚህ ላይ አውጣ።

ቴርሞካፕል ማለት ኦቨኑ ውስጥ ብቅ ያለች የሙቀት መለኪያ ዘንግ ናት። ኮንትሮለሩ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ብቻ ነው። እሷ ከዋሸች እሱም ይዋሻል። በብዛት ያለው ኬ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ርካሽ ነው፣ በከፍተኛ ሙቀት ብዙ ሲሠራ ንባቡ ቀስ በቀስ ይዛባል። ኤስ የሚባለው ፕላቲነም አለው፣ ውድ ነው፣ ይቆያል። 1084 ለሚሠራ ሰው ኬ ይበቃል፣ በየጊዜው መቀየር ብቻ ነው።

ኮንትሮለሩን ስትመርጥ ሁለት ነገር እይ። አንዱ፣ ደረጃ በደረጃ ማዘዝ መቻሉ፦ በዚህ ፍጥነት ውጣ፣ እዚህ ላይ ይሄን ያህል ደቂቃ ቁም፣ ከዚያ ወደዚህ ሂድ። ሁለተኛው፣ ያዘዝከውን አልፎ አለመሄዱ። 815 ብለኸው 840 ደርሶ የሚመለስ ኦቨን ያችን የበግ ቢላ ይሰጥሃል። ደህና ኮንትሮለር ሲጠጋ ይለዝባል።

ከጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያም ሁለት ዓይነት ነው። ሜካኒካሉ ሪሌይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እያደር ያልቃል። ሶሊድ ስቴት የሚባለው ድምፅ የለውም፣ በጣም ቶሎ ቶሎ ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ ሙቀቱን እኩል ይይዛል። እሱን ምረጥ። ግን ጠባዩን እወቅ፦ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ነው የሚቀረው። ማለትም ኦቨኑ ሳያቆም ይወጣል። ስለዚህ ኦቨን አብርቶ ሱቅ ድረስ መሄድ የለም።

በሩ፣ ጡቡ፣ ሬዚስታንሱ

ውስጡን ክፈትና እየው። ለስላሳ የእሳት ጡብ፣ በጡቡ ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ። የእንጀራ ምጣድ ጀርባ በለው፣ ያው ሐሳብ። ሽቦው ካንታል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነው። ካንታል አንዴ ከሞቀ በኋላ ቀዝቅዞ ሳለ ይሰበራል፣ ከቦዩ ወጣ ያለ ብታይ በጣትህ አትግፋው።

በሩ ሲከፈት መብራቱን የሚቆርጥ ማጥፊያ አለው? ከሌለው አትግዛ። በብረት ጉጠት ቢላ ልታወጣ ስትገባ ሬዚስታንሱን ብትነካ መብራቱ በጉጠቱ ወደ አንተ ይመጣል። በዚህ አልደራደርም።

ወደ ጎን የሚከፈት በር ለእኔ ይመቸኛል። ወደ ታች የሚወርደው የጋለውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ክንድህ ሥር ያስቀምጥልሃል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

አሜሪካ ውስጥ ቢላ ሰሪዎች አፍ ላይ የማይጠፉት ስሞች ኢቭንሂት፣ ፓራጎን፣ ሆት ሾትና ጄን-ኬን ናቸው። ኢቭንሂት ሚሺጋን ነው የሚሠራው፣ ፓራጎን ቴክሳስ። ጀርመን አካባቢ ያለህ ናበርተርምን ታውቀዋለህ፣ ዋጋው ግን ለትርፍ ጊዜ ሥራ ያማል። አዲስ ከ1,000 ዶላር በላይ አስብ፣ ትልቁና ባለ ጥሩ ኮንትሮለሩ 2,000ን በቀላሉ ያልፋል። ብዙዎቹ በትዕዛዝ ስለሚሠሩ ሳምንታት ትጠብቃለህ። በጭነት መኪና ሲመጣልህ ሳትፈርም በፊት ሳጥኑን ክፈትና ጡቡን እይ፣ ለስላሳ ጡብ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አታስጨንቅም፣ ሁሉም ጋ ይመጣል። የተነቀለ ቁራጭ ግን ፎቶ አንስተህ መልስ።

እኔ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሻጩ አብርቶ አሳየኝ፣ ቀላ፣ ደስ አለኝ፣ ጫንኩት። ቤት ገብቶ ሦስት ቢላ አጠነከርኩበት፣ ሦስቱም ያው ስኳር። ኦቨኑ እኮ 815 ይላል! አንድ ሳምንት ብረቱን ሰደብኩ። በኋላ በባትሪ ውስጡን ሳይ ቴርሞካፕሏ ወደ ጡቡ ውስጥ ተሸሽጋለች፣ ጫፏ እንኳ አይታይም። የምትለካው የጡቡን ሙቀት ነው፣ ቢላው ያለበት ቦታ ከዚያ የበለጠ ይግላል። ሁለት ሳንቲም ወደ ፊት ስቤ አወጣኋት፣ አለቀ።

ስለዚህ ያገለገለ ስታይ፦ ሬዚስታንሱ ተበጥሶ የተቀጠለ መሆን አለመሆኑን፣ የቴርሞካፕሏ ጫፍ መውጣቱን፣ በሩ ዙሪያ ብርሃን መውጣት አለመውጣቱን እይ። ሲቀላ ማየት አይበቃም፣ 1000 እስኪደርስ ቆመህ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዝ። የሸክላ ሠሪዎች ኦቨን በርካሽ ይገኛል፣ ግን ከላይ የሚከፈተው ለቢላ አይመችም፣ ሙቀቱ በሙሉ ፊትህ ላይ ነው የሚወጣው።

አብሮ የሚገዛው

ይሄን ሳያስብ ገንዘቡን በሙሉ ኦቨኑ ላይ የሚጨርስ ብዙ ነው።

ትንሽ ቶስተር ኦቨን ግዛ። ከኦቨን ወጥቶ እንዲጠነክር ዘይት ውስጥ የተነከረ ቢላ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ሳይቆይ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ፣ መለዘብ አለበት። ትልቁ ኦቨንህ ግን ከ815 ወደ 200 ለመውረድ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ጡቡ ሙቀቱን አይለቅም። የሚስትህን ኦቨን ልትጠቀም አስበህ ከሆነ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ድፎ ዳቦው ለሦስት ሳምንት ዘይት ዘይት አለ። ቶስተሩ ውስጥ አሸዋ ያለበት ትሪ አስገባ፣ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ፣ በራሱ መዘውርም አትመን፣ ቴርሞሜትር አኑርበት። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የምትፈትሽ የአዲስ አበባ ሰው ከሆንክ ደግሞ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ወይ 93 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትጥለው።

ዘይት፦ ለ1084 ፈጣን የማጠንከሪያ ዘይት የተሻለ ነው፣ ካኖላ ወደ 50 ዲግሪ ሞቆም ይሠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተው፣ ጭሱ መርዝ ነው። ዕቃው ብረት ይሁን፣ ክዳን ይኑረው። እሳት ቢነሳ ክደነው፣ ውሃ በፍጹም።

የማይዝግ ስቲል ከሆነ የስቲል ፎይል ያስፈልግሃል፣ ቢላውን አየር እንዳያገኘው የምትጠቀልልበት። 321 የሚባለው እስከ 1095 ነው፣ ከዚያ በላይ 309ኙን ውሰድ። በጓንት ያዘው፣ ከቢላህ በፊት እሱ ነው የሚቆርጥህ። ሲወጣ በሁለት ወፍራም የአሉሚኒየም ጠፍጣፋ መሃል አድርገህ ትጫነዋለህ፣ ዘይት አያስፈልገውም።

ቤት ሲገባ

ከግድግዳ ሠላሳ አርባ ሳንቲም አርቀህ ብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ጋራዥ ወይ በረንዳ። የመጀመሪያውን ቀን ባዶውን አሙቀው፣ መመሪያው እንደሚለው ቀስ ብለህ፣ ጡቡ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዲወጣ። ይሸታል፣ አትደንግጥ።

ከዚያ የጨው ፈተናው። የወጥ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ላይ ነው። ቁንጥር ታክል ጨው በምጣድ አድርቅ፣ እርጥብ እንዳይሆን። በስቲል ፎይሉ ትንሽ ሳህን ሠርተህ ቴርሞካፕሏ ጫፍ ሥር አስቀምጥ። 770 ላይ አሥር ደቂቃ አቁመው፣ በሩን በስሱ ገርበብ አድርገህ እይ። ነጭ ነው? አምስት ዲግሪ ጨምር፣ ጠብቅ፣ እይ። በሆነ ሰዓት ነጩ ጨው ጠፍቶ ውሃ የመሰለ ጠብታ ታያለህ። ያኔ ስክሪኑ 801 አካባቢ ካለ ኦቨንህ እውነተኛ ነው። 780 ላይ ከቀለጠ ሃያ ዲግሪ ይደብቅሃል ማለት ነው፣ ቴርሞካፕሏን አስተካክል፣ ካልሆነም ቁጥሩን ጻፍና ሁሌ ሃያ ቀንሰህ እዘዝ። ጨው ሬዚስታንሱን ስለሚበላ ይሄን በዓመት አንዴ ብቻ አድርገው፣ እንዳይፈስብህም ተጠንቀቅ።

ልዩነቱን በማርከር ኦቨኑ ጎን ላይ ጽፌዋለሁ። የእኔ አሁን አራት ዲግሪ ነው።